ባጠፋሁት ይቅር በለኝ

ከሥራ የተባረርኩት ዓርብ ቀን ነው። ዓርብ መሆኑ እንዲያው የሆነ ነገር አይደለም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በዓርብ ምክንያት ነው። የሆቴል እንግዶችን በሚያመላልስ አንድ የላስ ቬጋስ የትራንስፖርት ካምፓኒ ውስጥ ሹፌር ነበርኩ። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ቱሪስቶች ወደሚጎበኙት ትልቅ ግድብ፣ ከግድቡ ደግሞ በቦልደር ሲቲ በኩል ተመልሼ ወደ ካዚኖ። ቦልደር ሲቲ ውስጥ ቁማር ክልክል መሆኑን ስነግራቸው የእንግዶቼ ፊት ይለወጥ ነበር፤ ምሳ ሊበሉ የወረዱት ሳይቀሩ ሰዓታቸውን ማየት ይጀምራሉ። እኔ ግን ያቺን ጸጥ ያለች ከተማ እወዳት ነበር። ሥራዬንም እወደው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የተናደደ ሰው ወሬ ስለሚመስል ነው። የተናደደ ሰው ወሬ መሆኑም እውነት ነው።

ጋራዡ ውስጥ ሐበሾች ብዙ ነበርን። አብዛኞቹ እሁድ እሁድ በአማርኛ የሚሰበክበት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ጴንጤዎች ሲሆኑ፣ እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ከወሎና ከአዲስ አበባ የመጣን ሙስሊሞች ነን። በመካከላችን ማንም ያልጻፈው ስምምነት ነበረን። እሁድ ጠዋት የእነሱን ሺፍት እኔ እነዳለሁ፤ ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ጁምዓ ሰግጄ እስክመለስ ከእነሱ አንዱ የኔን መስመር ይይዝልኛል። ለዚህ ስብሰባ አልተቀመጥንም፣ ማንንም አላስፈቀድንም። ሐበሻ እንዲህ ባለው ነገር ጎበዝ ነው። አለቆቹ ያውቁ ነበር፤ አውቶቡሱ በሰዓቱ እስከወጣ ድረስ ማን እንደሚነዳው ግድ አልነበራቸውም። ለዓመታት እንደዚህ ኖርን።

በኋላ ከመካከላችን አንዱ ሱፐርቫይዘር ሆነ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ሲቀጠር ወደ ግድቡ የሚወስደውን መንገድ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሹመቱን ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ፤ የኛ ሰው ወጣ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሹመቱ ብዙም ሳይቆይ ሺፍት መለዋወጥ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ይሁን፣ ደንብ ደንብ ነው አልኩ። ቀጥሎ አዲሱ የሥራ ፕሮግራም ሲወጣ ግን እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሁሉ እሁድ የዕረፍት ቀናቸው ሆኖ ተመድቦላቸዋል። የእኔ ዓርብ ደግሞ ከማለዳ እስከ አመሻሽ የግድቡ መስመር ሆኗል።

ቢሮው ገብቼ ጠየቅኩት።

«ዓርብ ቢዚ ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ» አለኝ።

«እሁድስ ቢዚ አይደለም?»

«እሁድ ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ ነው?»

«ሌላ ነው አልኩህ እኮ። በቃ ማኔጅመንት የወሰነው ነው፣ እኔ ላይ አታምጣው።»

ይህችን «እሁድ ሌላ ነው» የምትል ነገር እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ ማውጣት አቅቶኛል። እሱ ያኔ ምን እንዳለ እንኳ ያስተዋለ አይመስለኝም። ለሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉ በኢሜይል ጻፍኩ፤ እናየዋለን የሚል መልስ መጣ። አላዩትም። ዓርብ ሲደርስ አንዱን ጓደኛዬን እባክህ ያዝልኝ አልኩት፤ ያዘልኝ። አውቶቡሱ በሰዓቱ ወጣ፣ የቀረ እንግዳ የለም፣ ያማረረ የለም። ከሶላት ስመለስ ሱፐርቫይዘሩ ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋር በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና የሥራ መታወቂያ ባጄን ተቀበለኝ። ምክንያቱ ሥራ ጥሎ መሄድ ይላል። ጥዬ ሄድኩ የተባለው ሥራ በዚያው ሰዓት ቦልደር ሲቲን አልፎ እየተመለሰ ነበር። ይህ የሆነው 2020 ሲገባ ነው፤ ኮሮና ገና የሩቅ አገር ወሬ ነበር።

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ቻል አድርጌ የምተወው ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ ሌላ ሥራ ፈልግና አርፈህ ተቀመጥ ብላ ነበር። እኔ ግን አጠገባችን ባለችው በሄንደርሰን ከተማ፣ ዋተር ስትሪት ላይ ቢሮ ያላትን አንዲት ጠበቃ አገኘሁ። ፀጉሯ የሸበተ አሜሪካዊት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ ቀስ ብላ ታዳምጣለች። የዓርቡን ነገር ስነግራት ዝም ብላ ጻፈች። የእሁዱን ስነግራት ግን ብዕሯን አስቀምጣ ቀና አለች። ሕጉ ግልጽ ነው አለችኝ፤ አሠሪ በጣም ካልተቸገረ በቀር ለሠራተኛው እምነት ቦታ መልቀቅ አለበት፣ ለአንዱ የሰጠውን ደግሞ በሃይማኖቱ ምክንያት ለሌላው መንፈግ አይችልም። በመጀመሪያ የሥራ ቦታ አድልዎን ለሚመረምረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አቤት እንላለን፤ እሱ መክሰስ ትችላላችሁ ብሎ ሲፈቅድ ፌዴራል ፍርድ ቤት እንገባለን። ስለ ኬዙ ከካምፓኒው ሰው ጋር እንዳታወራ ብላ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ።

«በድለንሃል እንዲሉኝ እፈልጋለሁ» አልኳት።

«ሌላስ?»

ገንዘብ አልፈልግም አላልኩም፤ ያን ጊዜ የቤት ኪራይ እየደረሰ ነበር፣ ሥራዬም ቢመለስልኝ እወድ ነበር። ግን ሲያንገበግበኝ የነበረው እሱ አይደለም። ሥራ ጥሎ የሄደ ሰው ተብዬ መባረሬ ነው። በሕይወቴ ሥራ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። አንድ ሰው፣ ሥልጣን ያለው ሰው፣ አላጠፋህም፣ ያጠፋነው እኛ ነን እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። ጠበቃዬ መነጽሯን አወለቀችና ሌላውን ሁሉ እሞክራለሁ፣ ይህን ብቻ ቃል አልገባልህም አለችኝ። ያኔ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ከተማው ተዘጋ። ካዚኖዎቹ መብራታቸውን አጥፍተው በራቸውን በጣውላ መቱት፣ ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሹፌሮች ሁሉ ተበተኑ። ጓደኞቼ እየደወሉ አንተ ቀድመህ ተባርረህ ተገላገልክ ይሉኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ ቀልዱ መልሶ እኔኑ እንደሚያገኘኝ አላወቅሁም። በኋላ የካምፓኒው ጠበቆች ይህንኑ በጽሑፍ አመጡት፤ ሰውየው ባይባረርም ከጥቂት ወራት በኋላ ከሁሉም ጋር መሰናበቱ አይቀርም ነበርና የደረሰበት ጉዳት ይህን ያህል አይደለም አሉ። ወረርሽኙን ለእነሱ የመጣ ምስክር አደረጉት።

ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን ሽማግሌ ተላከብኝ። ወሬው በከተማው ሐበሻ ዘንድ ሲዞር መልኩን ቀይሮ ነበር፤ እገሌ የገዛ ወገኑን ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊያቆመው ነው፣ ቤቱን ሊያስቀማው ነው ይባላል። የምከሰው ካምፓኒውን ነው ብዬ ለስንቱ እንዳስረዳሁ አላህ ያውቃል። አሃ ይሉኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ «እና እሱን ምን ልታደርገው ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ሱፐርቫይዘሩ ራሱም ፈርቶ ነበር። ሽማግሌዎቹን የላካቸው እሱ ነው፤ አላላክ ደግሞ ያውቅበታል። አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ሰው ሲሆኑ፣ ሌላው የኛው ሐጂ ነበሩ። ሐጂ የአገሬ ልጅ ናቸው፣ አባቴን ያውቁታል፣ እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኙልኝም እሳቸው ናቸው። እሳቸውን እምቢ ማለት የምችልበት አፍ የለኝም።

ሄንደርሰን ውስጥ በቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ሰው ጓሮ ተሰበሰብን። ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፣ ሁሉም ማስክ አድርጓል፣ በእያንዳንዱ ወንበር ሥር የታሸገ ውኃ አለ። ሱፐርቫይዘሩ ከኔ ፊት ለፊት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ፤ ስለ እሁዱም፣ ስለ ዓርቡም፣ በር ላይ ስለተቀበለኝ ባጅም። እሱም በተራው ተናገረ፤ እኔም ታዝዤ ነው፣ እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ አለ። ሐጂ ጺማቸውን እየነካኩ አዳመጡ። ከዚያ እንዲህ ዓይነት ቦታ የተቀመጠ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ፍርድ መጣ።

«ሁለታችሁም አጥፍታችኋል» አሉ።

«እኔ ምን አጠፋሁ ሐጂ?» አልኩ።

«ተው እንጂ ልጄ። እዚህ ለመፋረድ አልመጣንም። ተነሥና ባጠፋሁት ይቅር በለኝ በለው። እሱም ተነሥቶ ይልሃል።»

«እርስዎ ያውቃሉ እኮ፣ ያጠፋሁት ነገር የለም።»

«አውቃለሁ። እኔን ካከበርክ ተነሥ።»

ተነሣሁ። ሌላ ምን ላደርግ ነው? ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ እዚያ የነበርነው ሁሉ እናውቃለን። የበደለውም የተበደለውም እኩል ዝቅ ይላል፤ የተበደለው ዝቅ የሚለው የበደለው ብቻውን ዝቅ ብሎ እንዳያፍር ነው። ቃሉ የሚነገረው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመመዝገብ ሳይሆን፣ ሁለት ሰዎች በሚቀጥለው ለቅሶ ቤት ሲገናኙ ጀርባ እንዳይሰጣጡ ነው። ስለዚህ «ባጠፋሁት ይቅር በለኝ» አልኩት። እሱም ተነሥቶ «እኔም በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ተቃቀፉ የሚባለው በኮሮና ምክንያት ቀርቶ በክርን ተነካካን፤ ሐጂ ሳቁ፣ ሁሉም ሳቀ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ቀን ወደ ቤቴ ስነዳ ቀሎኝ ነበር። ለጠበቃዬ አልነገርኳትም። ስለ ኬዙ ያወራሁ አልመሰለኝማ፤ ታረቅሁ እንጂ።

ክሱ በዚያው ዓመት መገባደጃ ፌዴራል ፍርድ ቤት ገባ። ሐጂ ደውለው እንዴት ነው ነገሩ አሉኝ፤ ክሱ ከካምፓኒው ጋር ነው፣ ከሰውየው ጋርማ ታርቀናል አልኳቸው። ደህና አሉ። እኔም ደህና መስሎኝ ነበር።

2021 ላይ የካምፓኒው ጠበቃ በመሐላ ቃሌን ሊቀበል ቀጠረኝ። ሁሉም በቪዲዮ ነው። ዋተር ስትሪት ያለው ቢሮ ውስጥ ከጠበቃዬ አጠገብ ተቀምጬ በስክሪኑ ላይ የሚባለውን ቃል በቃል ለምትጽፈው ሴት ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ። አስተርጓሚ ትፈልጋለህ ተብዬ አልፈልግም ብያለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ለዚህ አያንስም። ጠበቃው ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ስለ ሺፍት ጠየቀኝ፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ ኢሜይሉ። መልሴ ሁሉ ቀጥ ያለ ነበር። ጠበቃዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አድርጋ አበረታታችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ገለጠ።

«ባለፈው ዓመት ከሱፐርቫይዘርዎ ጋር በአንድ ቤት ጓሮ ተገናኝተዋል?»

ጠበቃዬ ዞር ብላ አየችኝ።

«አዎ» አልኩ።

«በሰዎች ፊት ቆመው፣ ላጠፋሁት ጥፋት ይቅርታ አድርግልኝ ብለውታል?»

«አዎ።»

«ያጠፉት ጥፋት ምንድን ነው?»

«ምንም አላጠፋሁም።»

«ታዲያ ይቅርታ የጠየቁት ለምኑ ነው?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ትርጉሙ ላይ አንድም ስህተት አልነበረም፤ ያለው ልክ እኔ ያልኩት ነው። ሽማግሌ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሁለቱም ወገን ይቅርታ እንደሚል፣ ይህ ጥፋትን ማመን እንዳልሆነ ተናገርኩ። በትዕግሥት ጨርሼ እስክናገር ጠበቀኝ። ይህን ትዕግሥቱን እስከ ዛሬ አልወደውም።

«እንግዲህ የተረዳሁት ይህ ነው» አለ። «ትልቅ ሰው ስለጠየቁዎት ብቻ እውነት ያልሆነ ነገር በሰዎች ፊት ቆመው ተናገሩ። ትክክል ነኝ?»

«እንደዚያ አይደለም።»

«ያሉት እውነት ነበር ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«ከሁለት አንዱ መሆን አለበት።»

ይህን ሲል ደሜ ፈላ። እኔ ከሁለቱ አንዱን አይደለም ያልኩት። ሁለቱም ባልሆነ፣ እኛ ሁላችን በምናውቀው በሌላ መንገድ ነው የተናገርኩት። ያንን ግን በመሐላ፣ በአዎና በአይደለም፣ ጣቷን በማታሳርፍ ጸሐፊ ፊት እንዴት እንደሚናገሩት አላወቅሁም። ውሸታም ልሁን ወይስ ጥፋተኛ፣ ምርጫው ይኸው ነበር። «እንደዚያ አይደለም» አልኩ ደግሜ። እሱም ተጻፈ።

ወሬውን ለካምፓኒው የነገረው ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ነው። ሥራው ሲከፈት እሱን መልሰው ወስደውታል፤ ጠበቆቹ ሲጠይቁት ሰውየው እኮ ይቅርታ ጠይቆኛል ብሏቸው ነበር። ጠበቃዬ ቪዲዮው ሲዘጋ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቃሉ መዝገብ ውስጥ እንዳይገባ እከራከራለሁ፣ ከካምፓኒው ጋር ስትደራደር የተባለ ቢሆን ኖሮ አይገባም ነበር፣ ግን ዕርቁ ከሰውየው ጋር ስለነበረ ዳኛው ሊቀበለው ይችላል አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ እሱስ ምን አለህ ብላ ጠየቀችኝ። በድዬሃለሁ ብሎኛል ስላት ፊቷ ተፈታ። በል በመሐላ እሱን እንጠይቀዋለን አለች።

ጠየቀችው። እኔም በስክሪኑ ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር። እሱ ክራቫት አድርጎ፣ ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ጎን እያየ ይመልሳል።

«በድዬሃለሁ ብለውታል?» አለችው።

«እሱ ባህላችን ነው» አለ። «ሽማግሌዎችን ለማክበር የሚባል ነገር ነው። ምንም ማለት አይደለም።»

ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። ያለው ትክክል ነው፤ የሚያበግነኝም እሱ ነው። እኔ ስለው ውሸት ያሰኘኝ መልስ ለእሱ መውጫ ሆነለት። የካምፓኒው ጠበቃ አንገቱን እየነቀነቀ ማስታወሻ ያዘ፤ ከሁለት አንዱ መሆን አለበት አላለውም።

ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ የሆነውን፣ ለምን እንዳልኩት፣ እሳቸው አውቃለሁ እንዳሉኝ ለፍርድ ቤቱ እንዲመሰክሩልኝ ለመንኳቸው። ለመንኳቸው ያልኩት አውቄ ነው፤ ጉልበታቸው ላይ እጄን አድርጌ ነው የለመንኳቸው።

«ልጄ፣ በሽምግልና የተነገረ ከሽምግልና አይወጣም» አሉኝ።

«ወጥቷል እኮ ሐጂ። አውጥቶታል።»

«እሱ አጥፍቷል። እኔ ደግሜ አላጠፋም።»

«እኔስ?»

ፊታቸው ላይ ሐዘን ነበር፤ ግን በሐዘን ክስ አይረታም። የቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ሰው ደግሞ ነገሩ ተበላሽቷልና እንደገና ብንቀመጥስ ብለው ደወሉልኝ። በአክብሮት ስልኩን ዘጋሁ። እንደገና ብንቀመጥ እንደገና ተነሥ ሊሉኝ ነው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ፍርድ ቤቱ ለድርድር ጠራን። ጉዳዩን ከሚያየው ዳኛ ሌላ የሆነች አንዲት ዳኛ ናት የምታደራድረው፤ እሷም በቪዲዮ ነው። እነሱም ለካ ሽማግሌ አላቸው ብዬ አሰብኩ። ዳኛዋ ስትጀምር የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር፣ እዚህ የምትናገሩት ሁሉ እዚሁ ይቀራል፣ በክርክሩ ላይ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብባችሁም የሚል ነበር። ሳቄ አፍኖኝ ፊቴን ከካሜራው ዞር አደረግሁ። ይህን ደንብ የሚያስከብር አንድ ሰው ያ ጓሮ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ያኔ አሸናፊ ነበርኩ። የኛም ሽምግልና እኮ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱን የሚጠብቀው ዳኛ ሲሆን የኛን የሚጠብቀው ይሉኝታ ብቻ መሆኑ ነው።

ጠበቃዬ አስቀድማ ነግራኛለች። ካልተስማማን ዳኛው ኬዙን ከነጭራሹ ሊዘጋው ይችላል፤ ለዚያም የገዛ ቃልህ ይበቃዋል። ዳኛዋ ምን ትፈልጋለህ ስትለኝ ግን መጀመሪያ ለጠበቃዬ ያልኩትን ነው ያልኳት።

«በድለንሃል ይበሉኝ። ገንዘቡን ከፈለጉ ይቀንሱት።»

ዳኛዋ ደግ ሰው ትመስላለች። ፍርድ ቤት ሥራህን እንዲመልሱ ማዘዝ ይችላል፣ ካሣ እንዲከፍሉ ማዘዝ ይችላል፣ ይቅርታ እንዲጠይቁ ግን አያዝም፤ ቢሆንም እጠይቅልሃለሁ አለች። ስክሪኑ ጠፍቶ ወደ እነሱ ሄደች። ባለቤቴ ከካሜራው ውጪ፣ ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ዳኛዋ ስትመለስ ገንዘቡ ጨምሮ ነበር። ያቺን ቃል ከሚናገሩ ገንዘብ መጨመር ቀሏቸዋል። ስንት እንደሆነ እንዳልናገር ፈርሜያለሁና አልናገርም፤ ሀብታም ያደርጋል ብሎ ማንም እንዳይጓጓ ብቻ።

የስምምነቱ ወረቀት ሲመጣ ጠበቃዬ አንድ አንቀጽ ላይ ጣቷን አድርጋ አነበበችልኝ። ካምፓኒው ይህን ገንዘብ የሚከፍለው ክርክሩን ለመጨረስ ብቻ ነው፣ አንዳችም ጥፋት መፈጸሙን አያምንም ይላል። ሁሉም ስምምነት ላይ የሚጻፍ ነገር ነው፣ ምንም ማለት አይደለም አለችኝ። ያላጠፋሁት እኔ አጥፍቻለሁ ብዬ ቃሌ በፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ ተቀመጠ፤ ያጠፉት ደግሞ አላጠፋንም የሚል ጽሑፍ አስፈረሙኝ። ልቅደደው ብዬ አብራኝ ወደ ቢሮው የመጣችውን ባለቤቴን አየኋት። እስከዚያ ኪራዩን በራሷ ደሞዝ ስትከፍል የቆየችው እሷ ናት፣ ልቅደደው ለማለት መብቱ እንደሌለኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የሐበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ሱፐርቫይዘሩን አገኘሁት። ምስር እየመረጥኩ ነበር። እሱ ቅርጫት ይዞ ከመደርደሪያው ጫፍ መጣ፤ መሸሽ ለሁለታችንም አልተቻለም። ሰላም ተባባልን። ስለ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ አለቀ አይደል? በመካከላችን ቅሬታ የለም አይደል?» አለኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «እኔ አጥፍቼ ነበር?»

ግር ብሎት አየኝ። ጥያቄው በጣም ቀላል ሆኖበት ይመስላል።

«ኧረ አንተ ምን አጠፋህ?» አለ። «አንተማ ምንም አላጠፋህም። ጥፋቱ የኛ ነው እንጂ፤ እሁዱን ሰጥተን ዓርቡን መከልከል አልነበረብንም። እኔ እኮ ያኔም አውቀው ነበር።»

ይህንን ነበር የፈለግሁት። ጠበቃ የያዝኩት፣ የማልኩት፣ ሐጂን ጉልበታቸውን ይዤ የለመንኩት ለዚህ ነበር። ያቺኑ ቃል ሳትጎድል ሳትጨምር አለኝ፤ ምስርና ሽሮ በተደረደሩበት፣ ማንም በማይጽፍበት ቦታ፣ ማንም ሳያስገድደው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ።

«ታዲያ ለምን ያኔ አላልክም?» አልኩት።

«የት?»

«ሲያስምሉህ።»

«ውይ፣ እዚያማ እንዴት ይባላል?» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ካሸሯ ሄደ።